መርዶ በስልክ አይነገርም

ጋሽ ተካ የሞቱት እሁድ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሀዋሳ ታቦር ሰፈር ባለው ቤታቸው፣ በገዛ አልጋቸው ላይ ነው። ለእኔ ያሳወቀኝ ባጃጅ የሚነዳው ጎረቤታቸው ነበር፤ እሱም ቢሆን አልደወለልኝም። ባጃጁን በሬ ላይ አቁሞ «እትዬ ዘነበች ይፈልጉሻል» አለኝ። መንገዱን ሙሉ ሌላ ቃል አልተነፈሰም፤ እኔም አልጠየቅኩትም። ጋሽ ተካን የሚያውቅ ሰው እንደዚህ ያለውን ዝምታ ያውቀዋል።

ግቢው ስገባ ሃያ የሚሆን ሰው ቆሟል። ድምፅ ግን የለም። ልቅሶ የመጣበት ሰው ጓሮ ይሄድና ፊቱን ታጥቦ ይመለሳል። ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች ሲያዩኝ ከበረንዳው ተነስተው የጋሽ ተካን ስልክ እጄ ላይ አስቀመጡት።

«ራሔል ሳትሰማ ማንም ድምፅ እንዳያሰማ ብሏል ተካ። ሰባት ሰዓት ላይ እንደልማዷ ትደውላለች። ከዚያ በፊት ሰው አድርሺላት» አሉኝ።

ራሔል አንድ ልጃቸው ናት። የምትኖረው ስዊድን፣ እኔ ስሟን በቅጡ መጥራት በማልችለው ትንሽ ከተማ ውስጥ፣ ከአምስት ዓመት ልጇ ጋር ብቻዋን ነው። እኔ ደግሞ ዘመዳቸው አይደለሁም። የሥራ ጎረቤታቸው ነኝ።

እዚሁ ሀዋሳ፣ አዲስ ከተማ በሚባለው ሰፈር፣ አንዲት ሱቅ ለሁለት ተካፍለን አሥራ አንድ ዓመት ሠርተናል። በግራ የእሳቸው የስፌት መኪና፣ በቀኝ የእኔ ኮምፒውተርና ፎቶ ኮፒ። እሳቸው የተማሪ ዩኒፎርምና የመንግሥት ሠራተኛ ሱሪ ይሰፋሉ፤ እኔ ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ መታወቂያ ኮፒ አደርጋለሁ። መብራት ሲጠፋ እኔ እጄን አጣጥፌ እቀመጣለሁ፤ እሳቸው ፔዳሉን እየረገጡ፣ ቀና ሳይሉ፣ «ዛሬስ ቴክኖሎጂ ያለው በማን በኩል ነው?» ይሉኛል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ መብራት በጠፋ ቁጥር ይህችኑ ብለውኛል። ካላሉኝ አሟቸዋል ማለት ነው።

ቀጭን፣ ረጅም፣ ሜትር ከአንገታቸው የማይወርድ ሰው ነበሩ። አንድ ቀን ቤተ ክርስቲያን ሳይቀር ሜትሩን እንዳንጠለጠሉ ሄደው ቄሱ ፈገግ ማለታቸውን ራሳቸው ነግረውኛል። ሱቁን ከመክፈታቸው በፊት ዳዊት ይደግማሉ። ለሲዳማ ደንበኞቻቸው በሲዳምኛ፣ ለጉራጌዎቹ በጉራግኛ ዋጋ ይናገራሉ፤ ሲናደዱ ግን የሚናደዱት በዓረብኛ ነው። ዓረብኛውን ያመጡት ከካርቱም ነው። እዚያ አሥራ ስምንት ዓመት ሰፍተዋል፣ አግብተዋል፣ ራሔልን ወልደዋል። ልጅቷ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላት ነው ወደ ሀዋሳ የመጡት።

አዲስ ነገር የሚጠሉ ሽማግሌ እንዳይመስሏችሁ። ከእድሜ እኩዮቻቸው መጀመሪያ ባለካሜራ ስልክ የገዙት እሳቸው ናቸው፤ ከቀሚስ ትራፊ መያዣ ሰፍተውለት በደረታቸው ይይዙታል። የልጅ ልጃቸውን ልክ በስልክ ነበር የሚወስዱት። ራሔል ሜትሩን ትይዛለች፣ እሳቸው ከዚህ «ትከሻዋን ቀና አድርጊያት፣ እንደሱ አይደለም፣ ዝቅ» እያሉ ያዛሉ። ቀሚሱ ተሰፍቶ ይላካል፤ ልክ ይሆናል። «እንግዲህ ስልክ ለዚህ ለዚህ ደግ ነው» ይሉ ነበር። «ልክ ይወስዳል፣ መልክ ያሳያል። ግን ክንድ የለውም። ሰው ሲወድቅ አይዝም።»

ይህን የሚሉት ስለ መርዶ ነው። ስለ ሌላ ነገር ቢጀምሩም መጨረሻቸው እዚያው ነበር።

ምክንያቱን የነገሩኝ አንድ ዝናባማ ከሰዓት በኋላ፣ ደንበኛ ጠፍቶ ሁለታችንም ስንቆዝም ነው። ካርቱም በገቡ በሁለተኛው ዓመት እናታቸው አገር ቤት አረፉ። ቤተሰቡ በስደት ላይ ያለ ሰው አይረዳም ብሎ ደበቃቸው። በዚያ ጊዜ ደብዳቤና ካሴት ነው መገናኛው። ወንድሞቻቸው ድምፃቸውን ቀድተው ይልካሉ፤ መጨረሻ ላይ «እማማ ደህና ናት፣ ጉሮሮዋን ስላመማት ነው ያልተናገረችው» ይላሉ። ጋሽ ተካ ለፋሲካ ሻርፕ ይልካሉ። አራት ፋሲካ፣ አራት ሻርፕ።

«ማን ለበሰው?» አልኳቸው።

«እህቴ ሳጥን ውስጥ አስቀምጣው ነበር። ስመለስ አወጣችልኝ። አንዱም አልተከፈተም።»

የሰሙት ከአንድ እንግዳ ሰው ነው። ከአገር ቤት የመጣ አንድ መንገደኛ ሱሪ ሊያሳጥር ሱቃቸው ገባ። አገር ተጠያየቁ፤ ሰውየው ቤተሰቡን አወቀና «ነፍሳቸውን ይማርና፣ እናትህ ደግ ሴት ነበሩ» አለ። የሚያውቁ መስሎታል። ጋሽ ተካ ሱሪውን ጨርሰው ሰጡት።

«አንደኛው እግር አጥሮ ነበር» አሉኝ። «ሰውየው አይቶታል። አልተናገረኝም።»

ያን ዕለት ሱቁን ዘግተው ወለሉ ላይ ሲቀመጡ፣ አጠገባቸው የሚሰፉት ሱዳናውያን ሰፊዎች ገቡ። ማን እንደነገራቸው አያውቁም። የእነሱንም ሱቅ ዘግተው፣ ምንጣፍ አንጥፈው፣ ሦስት ቀን አብረዋቸው ተቀመጡ። «ለእናቴ የመጀመሪያውን ልቅሶ የተቀመጡላት ሙስሊሞች ናቸው። ስሟን እንኳ አያውቁም። እኔ ከዚያ ወዲያ ስለ ሃይማኖት ስከራከር አይተሽኝ አታውቂም።» እውነት ነው፣ አይቻቸው አላውቅም። ስለ ሌላው ሁሉ ግን ይከራከሩ ነበር።

ከዚህ ተነስተው ለራሳቸው ሁለት ሕግ አወጡ። አንደኛው፣ ሰው አይዋሽም፤ የሞተ ሰው ደህና ነው አይባልም። ሁለተኛው፣ ብቻውን ላለ ሰው መርዶ አይነገርም። ከሞቱ አሟሟቱ ሲባል ከሰሙ «ከሞቱ አነጋገሩ» ብለው ያርማሉ።

ሁለቱን ሕግ አስታርቆ መኖር ቀላል አይደለም። የሰፈሩ ልጅ ግማሹ ደቡብ አፍሪካ፣ ግማሹ ዓረብ አገር ነው። እዚህ አባት ሲሞት እዚያ ያለ ልጅ በር ላይ ማን ያንኳኳል? ያንን ሰው ፈልጎ ማግኘት የጋሽ ተካ ሥራ ሆነ። ማንም አልሾማቸውም፤ አንዴ አደረጉት፣ ከዚያ ሰዉ ልማድ አደረገው። መቀሱን ያስቀምጡና ወደ እኔ በኩል ወንበራቸውን ይጎትታሉ። «ቲጂ፣ ፌስቡክሽን ክፈቺ» ይላሉ። ትዕግሥት ነው ስሜ፤ የሚጠሩኝ እንደዚህ ነው።

አንዱን ላውራ። ከሱቃችን ፊት ለፊት ይሠራ የነበረ ፀጉር አስተካካይ በድንገት ሞተ። ታናሽ ወንድሙ ጆሃንስበርግ ሱቅ አለው። ከጠዋት እስከ ቀትር ስንፈልግ ውለን በዚያው መንገድ ላይ የሚሠሩ አምስት የአገር ልጆች አገኘን። ጋሽ ተካ በየተራ አናገሯቸው፤ ማን ቀድሞ እንደሚገባ፣ ማን ውኃ እንደሚይዝ ሳይቀር ተነጋገሩ። በመሃል ግን አንድ የሟች ጓደኛ ፌስቡኩ ላይ የሚነድ ሻማ ለጠፈ። ጋሽ ተካ ባጃጅ ይዘው ሰውየው የሚሠራበት ቢሮ ድረስ ሄዱ።

«ሻማውን ምን አድርገው ነው የሚሉኝ? እኔ ለክብሩ ነው የለጠፍኩት» አላቸው ሰውየው።

«ከዚህ አጥፋውና ቤተ ክርስቲያን ሂደህ አብራው። ክብሩ እዚያም አለ።»

አጠፋው። ወንድምየው ከወራት በኋላ ሲደውል ነግሮኛል፤ በሩን ሲከፍት ከቆሙት አምስት ሰዎች አንዱ ሁለት ዓመት ያኮረፈው ሰው ነበር። እሱን ሲያይ ገባው። የወደቀውም እሱ ክንድ ላይ ነው።

የእድራችንን ቴሌግራም የከፈትኩትም እኔ ነኝ። ቀድሞ ሰው ሲሞት ጥሩንባ ነፊ በሰፈሩ ይዞር ነበር፤ አሁን ጸሐፊው ሁለት መስመር ይጽፋል፣ አበቃ። ጋሽ ተካ አልከለከሉኝም። «ጥሩንባው ግን ልኩን ያውቅ ነበር፤ ከሰፈር አያልፍም» ብለው ብቻ ወደ ስፌታቸው ተመለሱ። በኋላ በእድሩ ሕግ ላይ አንድ አንቀጽ እንዲጨመር አደረጉ፤ ውጭ አገር የሚኖር ልጅ ያለው ሰው ሲሞት፣ ልጁ መስማቱ ሳይረጋገጥ ምንም እንዳይጻፍ። ስብሰባው ላይ ይህን ሲያስረዱ አንድ ሰዓት ፈጀባቸው። የተቃወመ አልነበረም፤ ሰዉ ምሳው እንዳይዘገይበት ብቻ ነበር የፈራው።

እንዲህ ያለውን ሰው የተቋቋመችው ልጃቸው ብቻ ናት።

ራሔል አባቷን ትመስላለች፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ያመነችበትን የማትለቅ። ስዊድን ለትምህርት ሄዳ እዚያው ቀረች፤ አገባች፣ ተፋታች። አሁን አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች። ከሐበሻ ጋር አትገናኝም። በፍቺዋ ጊዜ ብዙ ስለተወራባት በቃኝ ብላለች። ጋሽ ተካን የሚያስጨንቃቸው ይህ ነበር። የሰው ሁሉ በር ላይ ሰው ሲያቆሙ ኖረው የልጃቸው በር ባዶ ሆነባቸው።

አንድ እሁድ ሰነድ ላደርስላቸው ቤታቸው ሄጄ ሁለቱ በስልክ ሲከራከሩ ደረስኩ።

«አባዬ፣ አንድ ነገር ከሆንክ በቀጥታ ይነገረኝ። እኔ ሞት አዲሴ አይደለም። ሰው ሲሞት ለቤተሰቡ የምደውለው እኮ እኔ ነኝ።»

«አንቺ? በስልክ?»

«በስልክ ነዋ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ስንት ሰዓት ላይ እንደሆነ ይጠይቁኛል፣ እነግራቸዋለሁ፣ አመስግነው ይዘጋሉ።»

ጋሽ ተካ ስልኩን ትንሽ ራቅ አድርገው አዩዋት። «ከዘጉ በኋላስ?»

«ከዘጉ በኋላ ምን?»

«ከዘጉ በኋላ ምን ያደርጋሉ?»

ራሔል ስልኩን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። ጋሽ ተካ ቀጠሉ። «ገብርኤል እመቤታችንን ሊያበሥራት ቤቷ ድረስ ነው የመጣው። የምሥራች ነው እኮ የያዘው፤ ከሰማይ ሆኖ ድምፁን ቢልክላት ምን ቸገረው? ደጉ ወሬ በአካል ከመጣ ክፉው እንዴት ይሆናል?»

«እኔ ድንግል ማርያም አይደለሁም አባዬ። ሥራ የሚበዛባት ሴት ነኝ።»

ሳቁ። ግን በነገሩ አልተስማሙም። ስወጣ ራሔል በራሴ ስልክ ደወለችልኝ። አባቷ ምን እንደሚያስብ እንደምታውቅ፣ ሰው ይሰብሰብ ሲባል ከሁሉ በኋላ የምትሰማ እሷ እንድትሆን እንደማትፈልግ ነገረችኝ። «አንቺ በቀጥታ ንገሪኝ። ከጠየቅኩሽ እንዳትደብቂኝ። ማይልኝ።» ማልኩላት። ለእሳቸውም ከዚያ በፊት፣ እሷ ብቻዋን ሳለች ምንም እንደማልናገር ቃል ገብቼ ነበር። ያኔ ሁለቱ ቃሎች የሚጋጩ አልመሰለኝም። ሰውየው ጤነኛ ነበሩ፤ ነገሩም ሩቅ ነበር።

ከዚያ በኋላ ራሔል በምትኖርበት ከተማ ሐበሻ ፈልጊልኝ ብለውኝ ሳምንት ሙሉ ፈለግኩ። አልተገኘም። «ተይው እንግዲህ» አሉኝ። ተስፋ የቆረጡ መስሎኝ አዘንኩላቸው። እወዳቸው ነበር፤ ይህን ግን ነግሬያቸው አላውቅም፤ የሱቅ ጎረቤት እንዲህ ያለ ነገር አይነጋገርም።

እንግዲህ ያን እሁድ ስልካቸውን ተቀብዬ የቆምኩት ይህን ሁሉ ይዤ ነው። የእድሩን ቴሌግራም ማንም እንዳይጽፍበት ዘጋሁት። ከዚያ ምን እንደማደርግ አላወቅኩም። ለማን ነው የምደውለው? እትዬ ዘነበች መደናገሬን አይተው «ወረቀቱ መያዣው ውስጥ አለ» አሉኝ።

ከስልኩ ጀርባ ለአራት የታጠፈ ወረቀት አገኘሁ። በጋሽ ተካ ጽሕፈት አንድ የስዊድን ቁጥርና «ለተብርሃን» የሚል ስም አለበት። ደወልኩ። እዚያ ገና አልነጋም፤ ሴትየዋ ግን ወዲያው አነሳች።

«ቲጂ ነሽ?» አለችኝ፣ ስሜን ሳልነግራት።

«አዎ።»

«አቦይ ተካ ዐረፉ?»

«ዐረፉ። ዛሬ ጠዋት።»

በትግርኛ የሆነ ነገር አለች፤ ጸሎት መሰለኝ። ኤርትራዊት ናት፤ ትምህርት ቤት ውስጥ ምግብ ታበስላለች። ቁጥሯን ከካርቱም የሚያውቁት አንድ ሰፊ ነው ለጋሽ ተካ የሰጣቸው። «አንድ ዓመት ሙሉ በየአሥራ አምስት ቀኑ ይደውሉልኝ ነበር» አለችኝ። «መጀመሪያ ስለ ልጃቸው ብቻ ነበር። በኋላ የእኔንም ልጆች በስም ይጠይቁ ጀመር። ወንዱ ልጄ ሱሪው እንደሚያጥርበት ስነግራቸው ሰፍተው ልከውለታል። አሁን ሁለት እህቶች ይዤ እወጣለሁ። ሦስት ሰዓት መንገድ ነው፤ በረዶ ስለጣለ አራት ይሆናል።»

«ሰባት ሰዓት ላይ ትደውላለች። በእኛ ሰባት።»

«አውቃለሁ፤ ነግረውኛል። እሁድ ነው እኮ፤ ከቅዳሴ ነው የምንቀረው። እግዚአብሔር ይረዳናል።»

ያን ጠዋት ቁጭ ብድግ እያልኩ አሳለፍኩት። ሰው ይመጣል፤ በር ላይ ይነገረዋል፤ ድምፁን ውጦ ይገባል። የእድሩ ሰዎች ድንኳኑን ሳይተክሉ ብረቱን አጥሩ ጥግ ደርድረው ተቀምጠዋል። አንዲት አሮጊት አክስት መቋቋም አቅቷቸው «ወይኔ» ሲሉ ሦስት ሰው ከበባቸው። እውነቱን ልናገር፤ በዚያ ሰዓት ጋሽ ተካ ላይ ተናድጄ ነበር። ሰው ቤቱ ውስጥ ሞቶ አለመጮህ እንዴት ያለ ሕግ ነው? እትዬ ዘነበችን ማየት አልቻልኩም።

ለሰባት ሰዓት አሥር ደቂቃ ሲቀረው ለተብርሃን ጻፈችልኝ። «ከተማው ገብተናል። ሕንፃውን እየፈለግን ነው።»

በሰባት ሰዓት የጋሽ ተካ ስልክ ጠራ። ባላነሳው ለእናቷ ትደውላለች። ጓዳ ገብቼ በሩን ዘጋሁና አነሳሁት። ራሔል ፀጉሯን አስይዛ፣ ትልቅ ሹራብ ለብሳ መስኮት አጠገብ ቆማለች። ልጇ አጠገቧ የለችም።

«ቲጂ? አንቺ ምን ታደርጊያለሽ እዚያ?»

«እትዬ ዘነበች ጠርተውኝ ነው።»

«አባዬስ?»

ሰው ፊት ብዙ ጊዜ ዋሽቻለሁ፤ ሱቅ የሚሠራ ሰው «ነገ ይደርሳል» ሳይል አይውልም። ያን ጊዜ ግን አፌ አልታዘዝ አለኝ። ራሔል ፊቴን አየችው። በሥራዋ ብዙ ፊት ያየች ሴት ናት።

«ቃል ገብተሽልኛል» አለች።

«ገብቻለሁ።»

«እንግዲያው ንገሪኝ።»

«እነግርሻለሁ። አንዲት ደቂቃ ብቻ ስጪኝ ራሔል።»

«ደቂቃ ምን ያደርግልሻል? ንገሪኝ አልኩሽ።»

የትኛውን ቃል እንደማፈርስ አላውቅም፤ አንዱን ላፈርስ እንደሆነ ግን አውቄያለሁ። አፌን ስከፍት የቤቷ ደወል ጮኸ።

ዞር አለች። «እሁድ ሰው መጥቶብኝ አያውቅም» አለች፣ ለእኔም ለራሷም። ስልኩን እንደያዘች ወደ በሩ ሄደችና በቀዳዳው አየች። ብዙ ቆየች።

«ሦስት ሴቶች ናቸው» አለች። «ሐበሾች ናቸው። አላውቃቸውም።»

ደወሉ እንደገና ጮኸ።

«ማን ነው የላካቸው?»

«አባትሽ።»

አልጮኸችም። ግንባሯን በሩ ላይ አስደግፋ ቆመች፤ ከጎን የሚታየኝ ጆሮዋና አንገቷ ብቻ ነው። ከዚያ ሥራ ላይ እንዳለች ሁሉ ድምጿን አስተካክላ ጠየቀችኝ።

«ስንት ሰዓት ላይ?»

«መጀመሪያ በሩን ክፈቺ» አልኳት።

ሰንሰለቱ ሲወልቅ ሰማሁ። «ጓለይ» አለ የለተብርሃን ድምፅ፣ ልጄ ማለቷ ነው፤ ስልኩም ወለል ላይ ወደቀ። ከዚያ በኋላ የማየው ነጭ ጣሪያ ብቻ ሆነ። ራሔል አባቷን ስትጣራ፣ ሴቶቹ በትግርኛ ሲያባብሏት፣ ከሩቅ ክፍል ሕፃኗ በማላውቀው ቋንቋ ስትጠይቅ ሰማሁ። «ንጋት ላይ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል» አልኩ። የሰማኝ አልነበረም። ስልኩን ሳልዘጋ ጓዳው ውስጥ ባለች ትንሽ አልጋ ላይ አስቀመጥኩት።

በረንዳው ላይ ስወጣ ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ወደ እትዬ ዘነበች ሄጄ «ሰምታለች፤ ሰው ይዟታል» አልኳቸው። እሳቸውም ከጠዋት ጀምረው በጥርሳቸው ነክሰው የያዙትን የነጠላቸውን ጥለት ለቀቁት።